85 ሳንቲ ሜትሩ የሰውነት ሞዴል የሰውነትን ክፍተቶች ምን ያህል ያስተምራል?

ለነርሲንግና ለጤና መኮንን ተማሪዎች አናቶሚ የሚያስተምሩ ኮሌጆች በብዛት ሲገዙት የማየው ሞዴል 85 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ከፕላስቲክ የተሠራና የውስጥ ብልቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ የሚወጡ የሰውነት ግንድ ነው፤ ሻጮቹም ተማሪዎቹም «ቶርሶ» ይሉታል። እኔ የምገመግመው ከቻይና የመጣ፣ በካርቶኑ ላይ የአምራች ስም የሌለበት፣ 23 ክፍሎች ያሉትና የወንድና የሴት መራቢያ አካላት የሚቀያየሩበት ዓይነት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ከአንድ የራስ ቅል ሞዴል ጋር ለማስተማሪያ ክፍላችን የተገዛ ነው። የጉበቱ ቀለም ማማር ወይም የልቡ ቅርጽ መስተካከል እዚህ ዋና ጉዳዬ አይደለም። ገዢዎች ሱቅ ውስጥ ሲቆሙ እምብዛም ስለማይመለከቱት ነገር፣ ማለትም በብልቶቹ መካከልና በውስጣቸው ስላሉት ክፍተቶች መጻፍ እፈልጋለሁ።

ምክንያቱም የአናቶሚ ትምህርት የሚጀምረው ከክፍተቶች ነው። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራስ ቅል ክፍተት፣ የአከርካሪ ቦይ፣ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ክፍተት እያለ ይሸመድዳል፤ ቀጥሎ የሳንባ ሽፋን የሆነው ፕሉራ፣ የልብ ሽፋን የሆነው ፔሪካርዲየምና የሆድ ዕቃ ሽፋን የሆነው ፔሪቶኒየም ይመጡበታል፤ ከዚያም ሳይነስ (አየር ወይም ደም የሚይዝ ዋሻ ወይም ቦይ)፣ ፎሳ (ጎድጓዳ ቦታ)፣ ፎራሜን (ቀዳዳ)፣ ቬንትሪክል (በልብ ወይም በአንጎል ውስጥ ያለ ክፍል)፣ ሉመን (የቧንቧ ውስጠኛ ባዶ) የሚሉት ቃላት ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ በተለያየ መንገድ «ጎድጓዳ» ወይም «ክፍት» የሆነ ነገርን የሚገልጹ ሲሆኑ፣ አንዱን ከሌላው መለየት ግን ካለ ምስል አስቸጋሪ ነው። ከሞዴሉ የሚጠበቀው ያንን ምስል መስጠት ነው። በእኔ ፍርድ ሞዴሉ ትልልቆቹን ክፍሎች ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ስለ ፕሉራና ስለ ፔሪቶኒየም ግን ተማሪውን ያሳስታል፤ የራስ ቅሉን ዋሻዎች በተመለከተ ደግሞ ቶርሶው ብቻውን አይበቃም።

ከመልካሙ ልጀምር። የደረቱን ክዳን አንሥቶ፣ ሳንባዎቹንና ልቡን አውጥቶ የጎድን አጥንቶቹን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ማየት የደረት ክፍተት ወሰኑ የት እንደሆነ ለማስረዳት ከየትኛውም የመጽሐፍ ሥዕል የተሻለ ነው። በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ሚዲያስቲነም የሚባለው ክፍል፣ ልብንና ትልልቆቹን የደም ሥሮች፣ የአየር ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን እንዴት እንደያዘ በእጅ እየዳሰሱ መማር ይቻላል። ከታች ያለው የዳሌ ክፍተትም ግልጽ ነው፤ በሆድና በዳሌ መካከል ግድግዳ እንደሌለ፣ የዳሌ አጥንቱ ጠርዝ ብቻ እንደ መለያ መስመር እንደሚያገለግል ተማሪው አንጀቱን ሲያነሣ ራሱ ያየዋል። በጀርባ በኩል አንድ አከርካሪ አጥንት ተነሥቶ ይወጣል፤ የአከርካሪ ቦዩና በውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰር በዚያ በኩል ይታያል። ህብለ ሰረሰሩ በአዋቂ ሰው ላይ የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ለማጅራት ገትር ምርመራ የጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ መርፌው ለምን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል እንደሚገባ ለማስረዳት ይህች ቦታ ብዙ ጠቅማናለች።

ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ የዲያፍራሙ፣ አሠራር ግን ደካማ ነው። በእውነተኛው ሰውነት ላይ ዲያፍራም ወደ ላይ የተቆለመመ ጉልላት ሲሆን፣ አየር ስናወጣ የቀኙ ጎን እስከ አምስተኛው የጎድን አጥንት አካባቢ ይወጣል፤ ስለዚህ ጉበትና ጣፊያ አብዛኛው ክፍላቸው የሚገኘው ከጎድን አጥንቶች ሥር ነው። በዚህ ሞዴል ላይ ዲያፍራሙ ከግንዱ ጋር አብሮ የተቀረጸና ጠፍጣፋ ለማለት የሚያስደፍር ነው። ታች ደረቱ ላይ በስለት የተወጋ ታካሚ ጉበቱ ወይም ጣፊያው ሊጎዳ እንደሚችል ለድንገተኛ ክፍል ነርስ ማስተማር ያለበት ሞዴል፣ ሁለቱን ክፍተቶች በቀጥታ መስመር ከፍሎ ማቅረቡ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ስመጣ፣ ሞዴሉ ክፍተቶችን ሁሉ ባዶ ክፍል አድርጎ ያሳያል። ሳንባው ሲገባ በእርሱና በደረቱ ግድግዳ መካከል ጣት የሚያስገባ ቦታ ይቀራል፤ ይህ የሆነው ክፍሎቹ በቀላሉ እንዲገቡና እንዲወጡ ስለተፈለገ ነው፤ ተማሪው ግን ፕሉራል ካቪቲ (የፕሉራ ክፍተት) ማለት ያ ቦታ ነው ብሎ ይወስዳል። እውነታው ሌላ ነው። ፕሉራ ሁለት ንብርብር ያለው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ አንዱ ንብርብር ከሳንባው፣ ሌላው ከደረቱ ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በጤነኛ ሰው ላይ ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ብቻ የያዘ፣ አየር የሌለበትና ግፊቱ ከከባቢው አየር ያነሰ ነው፤ ሳንባው ተለጥጦ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክፍተቱ በእርግጥ ክፍት የሚሆነው ሰውየው ሲታመም ወይም ሲጎዳ ነው፤ አየር ሲገባበት ኒሞቶራክስ፣ ፈሳሽ ሲሞላው ፕሉራል ኢፊውዥን፣ ደም ሲሞላው ሄሞቶራክስ ይባላል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ደረት ውስጥ ቱቦ የሚገባው ለምን እንደሆነ፣ የቱቦው ሌላው ጫፍ ለምን ውኃ ውስጥ እንደሚጠልቅ ቢነገረውም አይገባውም።

እኛ ይህን የምናርመው ከሱቅ በሚሰጥ ስስ ፌስታል ነው። ጥቂት ጠብታ ውኃ ተጨምሮበት አፉ ከታሰረ በኋላ፣ አንድ ተማሪ በጎኑ በኩል ከውጭ ጡጫውን እንዲያስገባበት ይደረጋል፤ ጡጫውን የነካው የፌስታሉ ገጽ የሳንባው ሽፋን፣ ውጭ የቀረው ገጽ የደረቱ ግድግዳ ሽፋን፣ ጠብታዎቹ ያሉበት መካከል ደግሞ ፕሉራል ካቪቲ ነው። ጡጫው በፌስታሉ ቢከበብም ውስጡ አለመግባቱን ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ «ሳንባ ፕሉራል ካቪቲ ውስጥ ይገኛል» የሚለው የተለመደ የፈተና መልስ ለምን ልክ እንዳልሆነም በዚያው ይገለጥለታል። ቀጥሎ በሲሪንጅ አየር ወደ ፌስታሉ ሲነፋ ሁለቱ ገጾች ይለያያሉ፤ ጡጫውም እየተገፋ ይወጣል። አምራቾቹ ከእያንዳንዱ ሳንባ ጋር አንድ ስስና ግልጽ ከረጢት ቢጨምሩ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር።

ስለ ልብ ሽፋን ብዙ የምለው የለኝም፤ ሞዴሉ ላይ ፔሪካርዲየም ጭራሹኑ የለም። ልቡ ለሁለት ተከፍሎ አራቱን ክፍሎች፣ ማለትም ሁለቱን ኤትሪየምና ሁለቱን ቬንትሪክል፣ ከነቫልቮቹ በደንብ ያሳያል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የጎደለው ውጫዊው ከረጢት ነው። በዚያ ከረጢት ውስጥ በጤና ጊዜ ያለው ፈሳሽ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ደም በድንገት ሲገባበት 200 ሚሊ ሊትር የማይሞላ መጠን እንኳ ልብን አፍኖ ሊገድል ይችላል፤ ቀስ በቀስ ሲጠራቀም ግን ሽፋኑ እየተለጠጠ ከአንድ ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል። የክፍተት ትምህርት ለሕይወት አድን ሥራ ቀጥተኛ ጥቅም እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ከረጢቱ መቅረቱ ያስቆጫል።

ፔሪቶኒየምን በተመለከተ ስሕተቱ ከፕሉራው ይብሳል። ሞዴሉ ላይ ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ቆሽቱ፣ አንጀቱና ኩላሊቱ በአንድ ሰፊ ሳጥን ውስጥ እንደተደረደሩ ሆነው ይታያሉ፤ ኩላሊቶቹም እንደ ሌሎቹ ከፊት ለፊት ይወጣሉ። በእውነቱ ግን ኩላሊቶችና አብዛኛው የቆሽት ክፍል ከፔሪቶኒየም ጀርባ ስለሚገኙ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የፔሪቶኒየምን ክፍተት ሳይከፍት በጎን በኩል ኩላሊት ላይ ሊደርስ ይችላል። ፔሪቶኒያል ካቪቲ የሚባለው በሽፋኑ ሁለት ንብርብሮች መካከል ያለው ቀጭን ቦታ ነው፤ ከጨጓራ በስተጀርባ ያለው ትንሹ ከረጢትና ቀሪውን ክፍል የያዘው ትልቁ ከረጢት በአንዲት ጠባብ በር ይገናኛሉ። ቢልሃርዚያ ጉበቱን የጎዳው፣ ወይም በሌላ ምክንያት ጉበቱ የጠነከረ ታካሚ «ሆዱ ውኃ ቋጠረ» ሲባል ውኃው የተቋጠረው በዚሁ ቀጭን ቦታ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሊትር ሊደርስም ይችላል። በወንድ ላይ ይህ ክፍተት ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሲሆን፣ በሴት ላይ ግን በማሕፀን ቱቦዎች በኩል ከውጭ ጋር ይገናኛል፤ አንዳንድ የማሕፀን ኢንፌክሽን ወደ ሆድ የሚዛመተውም በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የሴቷ የዳሌ ክፍል ያልጠበቅሁት ጥንካሬ አለው። መካከሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ፣ የሽንት ፊኛው፣ ማሕፀኑና የደንዳኔው መጨረሻ በቅደም ተከተል ይታያሉ፤ በማሕፀንና በደንዳኔው መካከል ያለችው፣ በስኮትላንዳዊው ሐኪም በጄምስ ዳግላስ ስም የምትጠራው ጎድጓዳ ቦታም በትክክል ተቀርጻለች። ሴት ስትቆም ወይም ስትቀመጥ የፔሪቶኒየም ክፍተት ዝቅተኛው ቦታ ይህች ስለሆነች፣ ከማሕፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ መጀመሪያ የሚታይባት እዚህ ነው። በቀኝ በኩል በጉበትና በኩላሊት መካከል ያለው የሞሪሰን ክፍተት ግን፣ በአልትራሳውንድ አደጋ የደረሰበትን ሰው ስንመረምር ቀድመን የምናየው ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ከዚሁ ሞዴል ላይ ሊገኝ አይችልም፤ ጉበቱና ኩላሊቱ የተራራቁ ናቸውና።

ሌላው ተማሪዎችን የሚያደናግረው ጉዳይ ሉመን ነው። የጨጓራው ሁለት ግማሾች ሲላቀቁ በውስጡ ያሉት እጥፋቶች ያምራሉ፤ የቧንቧ ቅርጽ ያላቸው ብልቶች ውስጠኛ ባዶ ሉመን እንደሚባል በዚያ ላይ ማሳየት ይቻላል። የጨጓራ ውስጥና የሆድ ክፍተት ግን አንድ አይደሉም፤ በዕለት ንግግራችን ሁለቱንም «ሆድ» ስለምንል ልዩነቱ ይደበዝዛል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለው መስመር በአናቶሚ አስተሳሰብ ከውጭው ዓለም ጋር የተያያዘ ነው፤ በውስጡ ምግብና ባክቴሪያ መኖራቸው የተለመደ ነው። ያው ባክቴሪያ ግድግዳውን አልፎ ፔሪቶኒያል ካቪቲ ውስጥ ሲገባ ግን ታካሚው ለሞት ይቃረባል፤ በታይፎይድ ምክንያት የትንሹ አንጀት መበሳትና ያልታከመ ትርፍ አንጀት መፈንዳት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ሞዴሉ ላይ ትርፍ አንጀቱ ሊከፈት የሚችል ቢሆን ኖሮ ይህ ትምህርት በአንድ እንቅስቃሴ በተሰጠ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ። የቶርሶው ጭንቅላት ከመካከል ስለተቆረጠ የግንባሩን ሳይነስና ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከራስ ቅሉ ወለል ሥር ያለውን የስፌኖይድ ሳይነስ ያሳያል። ከስፌኖይዱ በላይ የፒቱታሪ ዕጢ የምታርፍበትን ጎድጓዳ ቦታ ማየት የሚያስደስት ነው፤ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል ገብተው፣ ይህንኑ ሳይነስ አልፈው ዕጢዋ ላይ እንደሚደርሱ ሲነገራቸው ተማሪዎች መጀመሪያ አያምኑም። ትልቁ የጉንጭ ሳይነስ ግን ከመካከለኛው መስመር ርቆ በጎን ስለሚገኝ በዚህ አቆራረጥ ፈጽሞ አይታይም። በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 15 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ይህ ዋሻ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር በ1651 ስለገለጸው እስከ ዛሬ በአንዳንድ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። መውጫ ቀዳዳው ወለሉ ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ላይኛ ክፍል በመሆኑ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ፈሳሹ በስበት ብቻ አይወርድም፤ የወለሉ አጥንት ደግሞ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ጋር በጣም ስለሚቀራረብ የጥርስ ኢንፌክሽን ወደ ሳይነሱ ሊገባ፣ የሳይነስ ሕመምም የጥርስ ሕመም መስሎ ሊሰማ ይችላል። ለሕዝብ ጤና በየቀኑ የሚያስፈልገው ሳይነስ ይህ ሆኖ ሳለ ቶርሶው አያሳየውም።

ለዚህ ነው የራስ ቅሉን ሞዴል ለብቻ መግዛት አስፈላጊ የሚሆነው። እኛ የገዛነው የተፈጥሮ መጠን ያለውና በሦስት የሚከፈል፣ ማለትም የላይኛው ክዳን፣ የራስ ቅሉ ወለልና የታችኛው መንጋጋ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ሦስቱ ፎሳዎች፣ የፊት፣ የመካከልና የኋላ፣ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያሉ ይታያሉ፤ የአንጎል የትኛው ክፍል በየትኛው ፎሳ ላይ እንደሚያርፍ ማስረዳት ቀላል ይሆናል። ርካሾቹ ሞዴሎች የሚወድቁት ግን በቀዳዳዎቹ ላይ ነው፤ ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉባቸው ፎራሜኖች በቀለም የተነጠቡ ብቻ ሆነው ሲገኙ ያናድዳል። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ አንድ የመጥረጊያ ስንጥር ይዘው ይሂዱ፤ የፊትና የመንጋጋ ነርቮች ቅርንጫፎች በሚወጡባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ስንጥሩ ካላለፈ ሞዴሉን አይግዙ። ሻጩ ይገረም ይሆናል እንጂ አይቆጣም። ከተቻለ ደግሞ የጉንጩ አጥንት ተከፍቶ ሳይነሱ የሚታይበትን፣ ክፍሎቹም በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡትን ዓይነት ይምረጡ፤ እኛ የገዛነው ያንን አይደለም፤ የጉንጩን ሳይነስ እስከ አሁን የምናስተምረው በሲቲ ስካን ምስል ነው።

የአንጎሉን ቬንትሪክሎች (ፈሳሽ የሚይዙትን የውስጥ ክፍተቶች) ከቶርሶውም ከራስ ቅሉም መጠበቅ አይገባም። በመካከል የተቆረጠው አንጎል ሦስተኛውንና አራተኛውን ቬንትሪክል ያሳያል፤ ሁለቱ ትልልቅ የጎን ቬንትሪክሎች ግን ከስስ መጋረጃ ጀርባ ስለሆኑ ተሸፍነው ይቀራሉ። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሲኖረው፣ በቀን የሚመረተው ወደ 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ መተላለፊያው ሲዘጋ የሕፃናት ጭንቅላት በውኃ የሚያብጥበትን ምክንያት ለማስረዳት ለብቻው የሚሸጥ የቬንትሪክል ሞዴል ያስፈልጋል።

ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ ቁጥሮችንና ስሞችን ብቻ የደረደረ ነው። ማብራሪያ ስለሌለው «ሳይነስ» የሚለው ቃል ለግንባሩ የአየር ክፍተትም፣ በአንጎል ሽፋን ውስጥ ደም ለሚሄድበት ቦይም፣ ከልብ ጀርባ ላለው የደም ሥርም ያለ ልዩነት ተሰጥቷል። ስያሜው በሳይንሱም አንድ በመሆኑ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አየር፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ደም የሚይዙ መሆናቸውን ያልተነገረው ጀማሪ «ሳይነስ» ሲባል ሁልጊዜ አፍንጫና ጉንፋን እንዲያስብ ይሆናል። መምህሩ የራሱን የማብራሪያ ወረቀት ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ስለ ጥንካሬው በአጭሩ፦ ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅም አይሰበርም፤ በእጅ ብዛት ግን የደም ሥሮቹ ቀለም መልቀቅ ጀምሯል። ክፍሎቹን የሚያያይዙት ትንንሽ ፒኖች ሲላሉ ጨጓራው መውደቅ ያበዛል፤ ማግኔት ያላቸው ሞዴሎች በዚህ ረገድ ይሻላሉ። አዲስ ሲወጣ የነበረው የፕላስቲክ ሽታ መስኮት በተከፈተ ክፍል ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ጠፍቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ኦዙ አስከሬን እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ከወረቀት ዱቄትና ከሙጫ የሚፈታቱ የሰውነት ሞዴሎችን ይሠራ እንደነበር ላስታወሰ፣ ዛሬ ለአንድ ኮሌጅ በሚመች ዋጋ እንዲህ ያለ ዕቃ መገኘቱ ራሱ የሚመሰገን ነው።

ለኮሌጅ መግዛት ያሰበ ሰው በጀቱ ሁለቱንም የማይችል ከሆነ፣ ሳይነሱ የተከፈተና ቀዳዳዎቹ በእርግጥ የተበሱ የራስ ቅል ቀድሞ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ አጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት በፕላስቲክም ያው ክፍተት ነውና ሞዴሉ አያሳስትም። ቶርሶውን ለሁለተኛ ዙር ማቆየት፣ ሲገዛም ደረቱንና ሆዱን በፌስታልና በሲሪንጅ እየደገፉ ማስተማር ይቻላል። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ቶርሶው ብቻውን ይበቃል፤ እዚያ የሚፈለገው የብልቶችን ስምና ቦታ ማወቅ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የጠፋ ክፍል ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፤ በትንሽ ሞዴል ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት የዓይኑ ኳስና ግማሹ ኩላሊት ስለሆኑ፣ ምትክ የሌለው ሱቅ በዋጋ ቢቀንስልዎ እንኳ ሌላ ቦታ ቢሞክሩ ይሻላል።